ባቡር ላይ ዋይፋዩ ሙሉ ነው ይላል፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም። ምንድነው ጉዱ?

የማይንዟ | ማይንዝ፣ ጀርመን

ሰላም ለዚህ ቤት።

ሥራዬ ሌላ ከተማ ስለሆነ ጠዋትም ማታም ባቡር ላይ ነኝ። ፈጣኑ ሳይሆን በየጣቢያው የሚቆመው ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ለመክሰስ አይደለም የመጣሁት። በሩ ላይ "ነጻ ዋይፋይ" የሚል ተለጥፏል። ስልኬ ወዲያው ይያያዛል፣ ምልክቱም ሙሉ ነው። ኢሜይል ልክፈት ስል ግን ያቺ ክብ ነገር መሽከርከር ትጀምራለች። እሷ ስትሽከረከር ዋሻ እንገባለን። ስንወጣ ደግሞ "እባክዎ እንደገና ይግቡ" ይለኛል።

ባለፈው ከባቡር ላይ ሆኜ ስብሰባ ገባሁ። አለቃዬ አስተያየት ጠየቀችኝ። "አንዳንድ ሰው አልስማማም ሊል ይችላል፣ እኔ ግን ሐሳቡን ወድጄዋለሁ" አልኩ። እነሱ ጋ የደረሰችው "አልስማማም" የምትለዋ ብቻ ናት። ከዚያ ጭጭ። ተመልሼ ስገባ ሁሉም በጣም ተጠንቅቀው ነው የሚያናግሩኝ።

ጥያቄዬ፦ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት የሚጠፋው ለምንድነው? ዋይፋዩን ትቼ በራሴ ዳታ ልጠቀም? ባንክስ እዚያ ላይ መክፈት ያስፈራል?


ልደታ_ፌርማታ | አዲስ አበባ

እናንተ ዋይፋይ ተቆራረጠ ትላላችሁ። እኛ በሥራ መውጫ ሰዓት ቀላል ባቡሩ ላይ እጃችንን ከኪሳችን ማውጣት የቻልን ቀን ነው ስልካችንን የምናየው።

ቀጥሉ፣ እየተከታተልኩ ነው።


ሽቦ_አልባ | ጎተንበርግ፣ ስዊድን

የማይንዟ፣ የምሠራው የሞባይል ኔትወርክ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝርልሽ።

ስልክሽ ላይ የምታዪው ምልክት የሚነግርሽ ስልክሽ ፉርጎው ውስጥ ካለችው ሣጥን ጋር ያለውን ግንኙነት ብቻ ነው። ሣጥኗ ከራስሽ በላይ ጣራው ውስጥ ናት፤ ምን ሆና ትደክማለች? ቤት ውስጥ ቧንቧው አዲስ ሆኖ ሮቶው ባዶ ሲሆን ማለት ነው።

ባቡሩ የራሱ ኢንተርኔት የለውም። ጣራው ላይ አንቴና አለ። ውስጥ ደግሞ የተለያዩ የስልክ ኩባንያዎች ሲም የገቡበት ራውተር አለ። ራውተሩ ከየኩባንያው ያገኘውን አንድ ላይ አድርጎ ለየፉርጎው ያከፋፍላል። ስለዚህ ኢንተርኔቱ የሚመጣው ያንቺም ስልክ ከሚጠቀምባቸው ከነዚያው ማማዎች ነው። ማማ በሌለበት ሜዳ ራውተሩም ባዶ እጁን ነው። ሥራው አዲስ እንዳይመስልሽ፤ እዚሁ እኛ ከተማ ያለው ኢኮሜራ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ባቡር ላይ ዋይፋይ ሲገጥም ነበር። ያኔ የስልክ ዳታ ገና ዳዴ ይል ስለነበር ከሳተላይት ጋር እያዳበሉ ነበር የሚያሠሩት።

ለምን ይቆራረጣል? ማማ የሚተከለው ሰው የሚኖርበት ቦታ ነው። ሐዲድ ደግሞ በጫካ፣ በሸለቆ፣ በተቆረጠ ኮረብታ መሃል ነው የሚሄደው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበር ባቡር በሰከንድ 55 ሜትር ያህል ይሄዳል። አንድ ማማ 3 ኪሎ ሜትር ቢሸፍንልሽ ደቂቃ ሳይሞላ አልፈሽዋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ማማ መዛወር አለ። የምትዛወሪው ደግሞ ብቻሽን አይደለም፤ ባቡር ሙሉ ሰው አብሮሽ ነው። ለአንዲት መንደር ተብሎ የተተከለ ማማ ላይ ድንገት 500 ሰው ከች ይላል፣ ወዲያው ደግሞ እልም ይላል። ማማው ምን ያድርግ?


የማይንዟ

ሮቶዋ ገብታኛለች፣ ተባረክ። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ተናድጄ ዋይፋዩን አጥፍቼ በዳታዬ ስሞክር አንዳንዴ ጭራሽ ይብሳል። ጣቢያ ላይ ቆሜ አምስት ጂ የሚል ስልክ በሩ ሲዘጋ አንድ መስመር ብቻ ይቀረዋል። ማማው ያው ከሆነ ለምን?


ሽቦ_አልባ

መስኮቱ ነው።

የዘመኑ ባቡር አካሉ ብረት ነው፣ ይሄ ግልጽ ነው። ሰው የማያስተውለው መስታወቱን ነው። ሙቀት እንዳይወጣና ፀሐይ እንዳታቃጥል ተብሎ ዓይን የማያየው ስስ የብረት ሽፋን ይቀባል። ያ ሽፋን የስልክ ሞገድንም ይመልሳል። ሞገዱ በ20 ዴሲቤል ቢቀንስ ኃይሉ መቶ እጥፍ ወረደ ማለት ነው፤ በ30 ከቀነሰ ሺህ እጥፍ። አሮጌዎቹ መስኮታቸው የሚከፈት ባቡሮች ላይ ስልክ የተሻለ ይሠራ የነበረው ለዚህ ነው።

የባቡሩ ራውተር አንቴናው ውጭ ጣራ ላይ ስለሆነ ይሄ ችግር የለበትም። ስለዚህ ዋይፋዩ የሚበልጥበት ቦታ አለ፣ ዳታሽ የሚበልጥበትም ቦታ አለ። ባቡሩ ጢም ካለ ዳታሽን ሞክሪ። ባዶ ከሆነ ዋይፋዩን።

መፍትሔውም መስኮቱ ላይ ነው። ሽፋኑን በጨረር በቀጫጭኑ ይሰነጣጥቁታል። መስመሮቹ ለዓይን እምብዛም አይታዩም፣ ሙቀቱንም እንደያዘ ነው፣ ሞገዱ ግን ያልፋል። እዚያው እናንተ አገር ራይን-ሩር-ኤክስፕረስ የሚባሉት ባቡሮች እንዲህ ዓይነት መስኮት አላቸው። ስዊዘርላንድ ውስጥም ቢኤልኤስ የተባለው የባቡር ድርጅት መስኮቶቹን እንዲህ አድርጓል። የአገሪቱ ትልቁ የባቡር ድርጅት ኤስቢቢ ደግሞ ለአገር ውስጥ ባቡሮቹ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ፉርጎው ውስጥ የስልክ ሞገድ ማጉያ ይገጥማል፣ ከስልክ ኩባንያዎች ጋር ተስማምቶም ተሳፋሪው በስልኩ ኔትወርክ በነጻ እንዲጠቀም ያደርጋል። ስማርት ነው በበኩሌ።


ጫጫታ_ወዳጅ | ስቱትጋርት

ሹፌሩ ራዲዮ አለው አይደል? ዋሻ ውስጥም ይሰማል። ለምን ከዚያ ላይ ትንሽ አያካፍሉንም?


ሽቦ_አልባ

ያ ጂኤስኤም-አር ይባላል። በ900 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለባቡር ብቻ የተመደበ ነው። ትንሽዬ መስመር ናት፣ የሁለተኛው ትውልድ ስልክ ቴክኖሎጂ ናት። ለንግግርና ለምልክት እንጂ ላንተ ቲክቶክ አትበቃም። ደግሞ ባቡር የምታስቆም መስመር ላይ ሕዝብ አይጫንም።


ቀይ_መስመር | ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እኔ ከዋሽንግተን ሜትሮ በኩል ልጨምር። እዚህ ክርክሩ ስለ ዋይፋይ ብቻ አልነበረም፣ መሬት ውስጥ ስልክ ይሠራል ወይ ነበር። ታሪኩ ረዥም ነው፣ ሻይ ያዙ።

ቀይ መስመርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ከተማ ስትገቡ ታኮማ፣ ፎርት ቶተን እያለ እስከ ኖማ ድረስ ከመሬት በላይ ነው። ከኖማ በኋላ ወደ ዩኒየን ስቴሽን ሲጠጋ መሬት ውስጥ ይገባል። ድሮ ኖማ ላይ ሲደረስ ፉርጎው ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ ስልኩን ይሰናበት ነበር። "በቃ ዋሻ ልገባ ነው፣ ስወጣ እደውላለሁ።" አማርኛውም እንግሊዝኛውም ስፓኒሹም ያው ነው። ያኔ መሬት ውስጥ የሚሠራው ቬራይዘን የተባለው ኩባንያ ስልክ ብቻ ነበር። ከጓደኞቻችን መካከል አንዱ ቬራይዘን ካለው እሱ የሁላችን መልእክተኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ኮንግረስ ለሜትሮ ገንዘብ የሚፈቅድ ሕግ ሲያወጣ አንድ ግዴታ አስገባበት። የሁሉም ትልልቅ ኩባንያዎች ስልክ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰው በሚበዛባቸው 20 የመሬት ውስጥ ጣቢያዎች፣ በ2012 ደግሞ ዋሻዎቹን ጨምሮ በመላው ሜትሮ ይሥራ የሚል። የመጀመሪያው በጊዜው ደረሰ፤ በ2009 መጨረሻ 20ዎቹ ጣቢያዎች ላይ ስልክ ሠራ። ዋሻው ግን ወገቤን አለ። 2012 መጣ፣ ሄደ። በ2013 ሥራውን የያዘው ኮንትራክተር ከሰረ። ዋሻ ውስጥ ገመድ ለመዘርጋት ባቡር መቆም አለበት፤ ባቡር የሚቆመው ሌሊት ለጥቂት ሰዓት ነው፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ ሐዲድ የሚጠግኑትም ይፈልጉታል። ሥራው ዓመታት የፈጀው ለዚህ ነው።

ገመዱ ራሱ ደስ ይላል። ዋሻ ውስጥ ማማ አይተከልም፤ ግድግዳው ላይ ሽፋኑ በየቦታው ክፍት የሆነ ወፍራም ኬብል ይዘረጋል። ሞገዱ በነዚያ ክፍተቶች እያፈሰሰ ይሄዳል። መሐንዲሶቹም የሚያፈስ ኬብል ነው የሚሉት። ባቡሩ ከጎኑ ሲያልፍ ስልክህ ከኬብሉ እየጠጣ ነው።

ሰዎች ይሄን ሁሉ ለፌስቡክ ነው ብለው ያፌዙ ነበር። ጥር 2015 ላንፋንት ፕላዛ አጠገብ ባቡር ዋሻ ውስጥ በጭስ ታፍኖ ቆሞ አንዲት ሴት ሞተች፣ በርካታ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ራዲዮ እንኳ እዚያ ውስጥ በደንብ አይሠራም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አላፌዘም። አሁን ዋሻዎቹ ውስጥም ስልክ ይሠራል። ፎረስት ግሌን ጣቢያ ከመሬት 60 ሜትር ያህል በታች ነው፣ በሊፍት ብቻ ነው የሚወረደው፤ እዚያ ታች ቆሜ ከአዲስ አበባ ጋር በቪዲዮ አውርቻለሁ።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። ባቡር ውስጥ የተለጠፈ ዋይፋይ ጌጥ ነው። ገንዘቡ ወደ ማማና ወደ ዋሻ ገመድ ይሂድ።


ብሪክስተን | ሎንደን

ቀይ መስመር ልክ ነህ። እዚህም አንደርግራውንድ የምንለው የመሬት ውስጥ ባቡር ላይ ዋይፋይ የገባው በ2012 ለኦሎምፒክ ነበር። ግን ጣቢያው ላይ ብቻ ነው። በር ሲዘጋ ይጠፋል፣ በር ሲከፈት ይመጣል። መልእክት እየጻፍክ "ላክ" የምትለዋን ለሚቀጥለው ጣቢያ ታስቀምጣለህ። ዋሻው ውስጥ አራት ጂ መግባት የጀመረው በ2020 ከጁቢሊ መስመር ምሥራቃዊ ክፍል ነው፣ ከዚያ እየሰፋ መጣ። ሰው ሁሉ ዋይፋይ የሚባለውን ረስቶታል።

በ2023 ደግሞ መንግሥት ለአገር አቋራጭ ባቡሮች ዋይፋዩ ወጪውን ካልሸፈነ ይነሣ የሚል ሐሳብ አምጥቶ ነበር። አጭር መንገድ ለሚሄድ ሰው ዋይፋይ ያን ያህል አያሳስበውም፣ ባቡሩ በሰዓቱ ይድረስለት ነው የተባለው። ጩኸት ተነሣ። እኔ ግን ከመንግሥት ጋር ነበርኩ፣ ይቅር በሉኝ።


ተማሪዋ | ዴንቨር፣ ኮሎራዶ

ይቅር አንልም!

ሁላችሁም ያልተገደበ ዳታ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ። እኔ ካርድ እየሞላሁ ነው የምጠቀመው። ዳታዬ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም። ነጻ ዋይፋይ ባይኖር የቤት ሥራዬን የማስገባበት የለኝም። እናቴ ከኢትዮጵያ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ደግሞ ሲም የላትም። አውሮፕላን ማረፊያም አውቶቡስም ላይ ዋይፋይ ፈልጋ ነው "ደረስኩ" የምትለኝ። ማማ ይጨመር ስትሉ ማማው የሚጠቅመው ለማን እንደሆነ አስቡበት። ለከፈለ ሰው ነው። ዋይፋዩ ግን ትኬት ለያዘ ሁሉ ነው።


የማላኪዋ | ቂርያት ማላኪ፣ እስራኤል

ተማሪዋ የኔ ቆንጆ፣ እውነትሽን ነው። ግን ከአገር አገር ይለያያል።

እዚህ በ2012 አዳዲስ የስልክ ኩባንያዎች ገበያው ውስጥ ሲገቡ ዋጋው አፈር ድሜ በላ። አሁን ዳታ ርካሽ ስለሆነ ባቡሩ ላይ ነጻ ዋይፋይ ቢኖርም ሰው ዞር ብሎ አያየውም። ልጆቼ ባቡር ላይ ዋይፋይ እንዳለ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ሳቁብኝ።

እሁድ ጠዋት ግን ልንገራችሁ። እሁድ እዚህ የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ነው። ወታደሮቹ ከቤት ወደ ሰፈራቸው የሚመለሱበት ቀን ነው። ፉርጎው በር ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ ሻንጣ ማስቀመጫው ሥር ይተኛሉ። ትልልቅ ቦርሳ፣ ጠመንጃ፣ እናት የቋጠረችው ምግብ፣ ሁሉም ጆሮ ላይ ማዳመጫ። የኔም ልጅ ከነሱ አንዱ ነበር። ያን ቀን ዋይፋይም ዳታም አታስቡ። ሽቦ አልባ እንዳለው አንድ ማማ ላይ ስንት ሰው?

ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደው ፈጣኑ መስመር ደግሞ ዋሻው ብዙ ነው። አንዱ ብቻ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ኢየሩሳሌም ያለው ጣቢያ ራሱ 80 ሜትር መሬት ውስጥ ነው። እዚያ መስመር ላይ ዳዊቴን ነው የምደግመው። ዳታ አይበላም።


ልደታ_ፌርማታ

እሺ አሁን እኔም ቁም ነገር ላውራ።

ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከሥራ ጓደኞቼ መካከል ዋይፋይ ይገባበታል እያለ የሚያወራ ነበር። አልገባም፣ ባይገባም ግድ አልሰጠኝም። የምሄደው ከተማ መሃል ነው፣ ከመሬት በላይ ነው፣ ማማ በየፎቁ ላይ አለ። ፍጥነቱም ያን ያህል አይደለም። መጀመሪያ ባቡሩ ራሱ ቶሎ ቶሎ ይምጣልን።

የጅቡቲው ግን ሌላ ነው። ከለቡ ተነሥተህ አዳማን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን አልፈህ ድሬዳዋ ነው። ጅቡቲ ድረስ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ ደህና ወንበር አለው። ረዥም ሜዳ ላይ ማማ ይተከል ብትል ማን ይከፍላል? ማታ ማታ ግመል ነው የሚያልፍበት።

ለዚህ የሚስማማው የህንዱ መንገድ ይመስለኛል። ህንዶች ባቡሩን ትተው ጣቢያው ላይ ነው ያስገቡት። ጉግልና ሬልቴል የሚባለው የባቡር መሥሪያ ቤቱ የቴሌኮም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ሙምባይ ሴንትራል ላይ ጀምረው በ2018 አጋማሽ 400 ጣቢያ አደረሱት። በዚያ ዋይፋይ አንብቦ ለመንግሥት ሥራ ፈተና የተዘጋጀ ሻንጣ ተሸካሚ ሁሉ እንደነበር በዜና ወጥቷል። በ2020 ጉግል ዳታ ረክሷል ብሎ ወጣ፣ ሬልቴል ቀጠለበት።

ለቡም ከመሃል ከተማ ሩቅ ነው። ሰው እንዳያመልጠው በሌሊት ሄዶ ይጠብቃል። እዚያ ጥሩ ዋይፋይ ቢኖር የመንገዱን ፊልምና ስብከት እዚያው አውርዶ ይሳፈራል። ድሬዳዋ ላይም እንደዚያው። ባቡሩ ላይ ከመግጠም በጣም ይቀላል።


ቀይ_መስመር

ልደታ፣ ይሄ አሪፍ ነው። ተማሪዋም ያለችውን ይመልሳል። ነጻውን ጣቢያ ላይ አድርገው፣ መንገዱን ለማማው ተወው።


ተማሪዋ

ጣቢያ ላይ ቆሜ የቤት ሥራ ልጽፍ ነው? በዴንቨር ብርድ?


ጫጫታ_ወዳጅ

የሳተላይት ኢንተርኔቱ ስታርሊንክስ? ሰማዩን ሞልቶታል ይባላል። ማማም ገመድም አያስፈልግ፣ ጣራ ላይ ሰሃን ልጠፍ ብቻ።


ሽቦ_አልባ

ፍሎሪዳ ውስጥ ብራይትላይን የተባለው ባቡር ከ2023 ጀምሮ ይጠቀምበታል። ሜዳ ላይ፣ በረሃ ላይ፣ ማማ በሌለበት ጥሩ ነው። የአዋሽ ሜዳ ዓይነት ቦታ ላይ ከማማ ሳይሻል አይቀርም፣ ዋጋው ሌላ ወሬ ነው። ግን ሰሃኑ ሰማይ ማየት አለበት። ጥልቅ ሸለቆ፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ፣ ድልድይ ሥር ይንገዳገዳል። ዋሻ ውስጥ ደግሞ ሰማይ የለም።


የማይንዟ

ወሬው ደስ ብሎኛል፣ ግን የባንኩን ጥያቄዬን ሁላችሁም ዘላችሁታል። ስብሰባውንስ ምን ላድርግ?


ሽቦ_አልባ

ስብሰባውን ልጀምር። ድምፅ ብቻ ከሆነ በሰከንድ 100 ኪሎቢት ገደማ ይበቃዋል። ቪዲዮ ከ1 ሜጋቢት በላይ ይፈልጋል። ካሜራሽን አጥፊ፣ የሌሎቹንም ቪዲዮ እንዳያወርድ አድርጊው። ብዙዎቹ የስብሰባ ፕሮግራሞች በተራ የስልክ ጥሪ የሚገባበት ቁጥር አላቸው፤ መስመሩ በሚቆራረጥበት መንገድ ላይ ከኢንተርኔቱ ይሻላል። የመሥሪያ ቤትሽ ቪፒኤን (ከቢሮው ጋር ቆልፎ የሚያገናኝሽ መስመር) ከማማ ማማ ስትዛወሪ እየተበጠሰ ይሆናል የሚያስቸግርሽ። ፋይሎቹን ቤትሽ ሆነሽ አውርጂና ባቡር ላይ ከኢንተርኔት ውጭ ሥሪ። ኢሜይሉንም ጽፈሽ ተይው፣ መስመር ሲያገኝ ራሱ ይልከዋል።

"እንደገና ይግቡ" የሚለው ገጽ አልመጣ ካለሽ ቪፒኤኑን አጥፊ፣ ገጹን ተቀበይ፣ መልሰሽ አብሪው። ቪፒኤን በርቶ ገጹ አይመጣም።

ባንክ፦ የባንኩ መተግበሪያ ራሱ መልእክቱን ቆልፎ ነው የሚልከው። ብሮውዘር ላይም አድራሻው ትክክል ከሆነና አጠገቡ የቁልፍ ምልክቷ ካለች አጠገብሽ የተቀመጠ ሰው የምትጽፊውን አያነብም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ማንም ሰው ላፕቶፑን ከፍቶ የባቡሩን ዋይፋይ ስም ሰጥቶ ሊጠብቅሽ ይችላል። ስለዚህ ስልክሽ በራሱ እንዳይያያዝ አድርጊው። ብሮውዘሩ "ይሄ ገጽ አያስተማምንም" ካለሽ "ቀጥል" አትበዪ። ገንዘብ ስትልኪ ደግሞ ለሁለት ደቂቃ በራስሽ ዳታ ብትልኪ ምንም አትጎጂም። የባቡሩ መግቢያ ገጽ ስምሽንና ኢሜይልሽን ሊጠይቅ ይችላል። የኢሜይልሽን ፓስዋርድ ወይም የባንክ ካርድሽን ቁጥር ከጠየቀሽ ግን ዝጊና ለትኬት ተቆጣጣሪው ንገሪው።